ከአቡጊዳ እስከ አበቅቴ

ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ከሸዋም ይምጣ ከጎጃም፣ ከወሎም ይምጣ ከትግራይ፣ ዕውቀቱን ማስመስከር ሲፈልግ ፊቱን ወደ ጋይንት ያዞራል። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ለዓመታት ያጠናውን ዜማ እዚያ ካሉት መምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያቃናል። ከቃሉ በላይ የተጻፉት ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ፣ አንድ በአንድ ይታያሉ። አንዲት ምልክት ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ዜማው ሌላ ይሆናልና ትፋቃለች፤ በትክክለኛው ፊደል ላይም ትጻፋለች።

የቤተ ልሔም ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ዜማውን ነው። ከዜማው ሥር ግን ሒሳብ አለ። ድጓ ዓመቱን እየተከተለ የሚሄድ መጽሐፍ ነው፤ በየትኛው እሑድ የትኛው ዜማ እንደሚባል የሚወስነው ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቀን ነው፤ ጾሙ የሚገባበትን ቀን የሚያወጣው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ነው። ዜማው በየዓመቱ ይደገማል፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። የሚደገመውንና የሚለዋወጠውን አንድ ላይ ይዞ የሚያሰላ ዕውቀት በዚህ አገር ለዘመናት ሲሰጥ ኖሯል።

ይህን የማነሣው ስለ አንደኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ለመጻፍ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «የጎደለውን ቁጥር ሙሉ» የሚል መልመጃ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ልጁ 10 ብሎ ይሞላል፤ መምህሩ የእርማት ምልክት ያደርግለታል፤ ቀጥሎ ወደ መደመር ይታለፋል። ለምን 10 ሆነ? ሃያኛው ቁጥር ስንት ይሆናል? ይህ ሕግ የሚፈርስበት ቦታ ይኖር ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ጥለትን፣ ለውጥንና መለዋወጥን ማስተማር ማለት ግን እነዚህኑ መጠየቅ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ለዚህ የሚሆን ነገር ከሌላ አገር እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ በእጁ አለው።

ከፊደል እንጀምር። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ስንደዶ ይዞ ፊደል ይቆጥራል፤ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ ወደ ጎን፣ ሀ ለ ሐ መ እያለ ወደ ታች። ብዙ ልጆች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገበታውን ሳያዩ መውረድ ይችላሉ። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ልጁ ፊደሉን ለይቶት ይሁን በቃሉ ወርዶት ለመመርመር አቡጊዳን ያመጣሉ።

አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ
በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ
ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ወደ ጎን አንድ እርምጃ በተሄደ ቁጥር ፊደሉ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ድምፁም ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ አንድ ደረጃ ይወጣል። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ፣ ሐ፣ ጠ፣ የ የሚለውን ተራና ሰባቱን ድምፆች የያዘ ልጅ አራተኛውን መስመር ማንም ሳይነግረው ማውጣት ይችላል፤ ደ ሁ ዊ ዛ ሔ ጥ ዮ። ቃል በቃል ያልሸመደደውን መስመር በሕጉ ማግኘቱ የአልጀብራ መጀመሪያ ነው። አንድ የሁለተኛ ክፍል መምህር ሦስቱን መስመሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አራተኛውን «ፈልጉት» ቢል፣ ከዚያም «በሰባተኛው መስመር መካከል ላይ የሚውለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከቁጥር ጋር ገና ያልተዋወቀ ልጅ እንኳ የሚሠራው ሥራ ያገኛል።

የፊደሉ ቅርጽም ሕግና አፈንጋጭ አለው። ካዕብን የሚያሳየው ቅጥል አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል መሐል ላይ ይገባል፤ ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሩ እና ፉ ግን ከዚህ ይወጣሉ። ሳድስ ላይ ሲደረስ አንድ ሕግ ይዞ መጓዝ አይቻልም። ልጁ «ይህ ሕግ ስንት ፊደል ላይ ይሠራል፣ ስንት ላይ አይሠራም?» ብሎ ቢቆጥር መለዋወጥን በዓይኑ ያያል። ሕግ ማለት ሁልጊዜ ሁሉን የሚገዛ እንዳልሆነ በሰባት ዓመቱ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባሕረ ሐሳብ እንለፍ፤ ሰፋ አድርጌ ልሄድበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ከሩብ ትጨርሳለች። ጨረቃ ግን አንዴ 30፣ አንዴ 29 ቀን እያደረገች አሥራ ሁለት ጊዜ ስትሞላና ስትጎድል 354 ቀን ይሆናል። ልዩነቱ 11 ነው። ይህ 11 አበቅቴ ነው። በየዓመቱ 11 ይጨመራል፤ 30 ሲሞላ አንድ ሙሉ ወር ሆነና ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ስሌት ባለውለታ አድርጋ የምታነሣው የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስን ነው። በሌሊት 23 ሱባዔ፣ በቀን 7 ሱባዔ ገባ ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ 30 እየተገደፈ ሲሄድ 11 ይተርፋል፤ አበቅቴ። 7 በ7 ሲባዛ 49፤ 30 ሲገደፍ 19፤ መጥቅዕ። የሁለቱ ድምር 30 ነው።

ይህን ለአራተኛ ክፍል ልጆች ለማስተማር አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። ልጆቹ ከባዶ ይጀምሩ፤ 11 ባቄላ ይጨምሩ፤ ይጻፉ። ሌላ 11 ይጨምሩ፤ 22። ሌላ 11፤ 33 ሆነ፤ ሠላሳው ይነሣ፤ 3 ቀረ። እንዲህ እያሉ ሲወርዱ ደብተራቸው ላይ የሚያገኙት ይህን ነው፤ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18። መጀመሪያ ሲያዩት የተበታተነ ይመስላል። መምህሩ ጊዜ ከሰጣቸው ግን አንዷ ልጅ ታየዋለች፤ በየሦስተኛው ቦታ ያሉት 0፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18 ናቸው። ለምን? ሦስት ጊዜ 11 ማለት 33 ነው፤ 30 ሲወጣ 3 ብቻ ይቀራል። ከ11 እና ከ22 ተነሥተው ቢቆጥሩም ያው የ3 እርምጃ ይገኛል። ተማሪው ይህን ራሱ ሲደርስበት የሚሰማውን ደስታ ማንም መምህር በንግግር ሊሰጠው አይችልም።

ከዚያ ሕጉ የሚፈርስበት ቦታ ይመጣል። ከ18 በኋላ 29 መሆን ነበረበት። ባሕረ ሐሳብ ግን 29ን ትቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በመጨረሻው እርምጃ የተጨመረው 12 ነው እንጂ 11 አይደለም። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም ዙሩ እዚያ ላይ መዘጋት አለበት። የአቴናው ሜቶን ይህን የ19 ዓመት ዙር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ለከተማው አቅርቦ ነበር። የእኛ ሊቃውንት 19ኙን ዐውደ አበቅቴ፣ የዕለታትንና የወንጌላውያንን የ28 ዓመት ዙር ዐውደ ፀሐይ ይሉታል፤ 19 በ28 ተባዝቶ የ532 ዓመቱ ዐውደ ቀመር ይመጣል። ለስድስተኛ ክፍል ልጅ የሁለት ቁጥሮችን የጋራ ብዜት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ዓመት እናስላ። 2018 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴው 12። በ19 ሲባዛ 228፤ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ።

ተውሳኮቹን ደግሞ ተመልከቱ። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ቀኑ አንድ ወደፊት ሲሄድ ተውሳኩ አንድ ይቀንሳል። በአብነት ትምህርት ቤት ይህ በቃል ይያዛል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ራሱ ሊደርስበት ይችላል፤ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ መዋል አለበት፤ ስለዚህ መጥቅዑ ከቅዳሜ ተነሥቶ ወደ ዓርብ በተጠጋ መጠን ሰኞን ለመያዝ የሚጨመረው ቀን ያንሳል። አንዱ ሲያድግ ሌላው የሚቀንስበት ዝምድና ይኸው ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው የሚከተለው ነው። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ዋለ፤ በ2019 ሚያዝያ 24 ይውላል። ልዩነቱ 15 ወደ ኋላ፣ 8 ወደ ኋላ፣ 20 ወደ ፊት ነው። ሕጉ ግን 11 ወደ ኋላ፣ ወይም ወር ሲጨመር 19 ወደ ፊት ነበር! ትርፉና ጉድለቱ ከየት መጣ? ጨረቃዋ 11 ቀን ትሸሻለች፤ በዓሉ ደግሞ እሑድን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ሕጎች ሲገናኙ ውጤቱ ይዋዥቃል። የተበታተነ መስሎ የሚታየው ነገር ከሥሩ ሁለት ጥርት ያሉ ሕጎች ሊኖሩት እንደሚችል ልጅ በዚህ ይማራል። መዋዠቁም ዳርቻ አለው፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም።

ይህ ትምህርት የአንድ ሃይማኖት ልጆች ብቻ ነው የሚል ካለ ስለ ረመዳን ያስብ። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ እንደሚመጣ ከቤቱ ያውቃል። ያው የጨረቃ 11 ነው። በ2016 ዐቢይ ጾምም ረመዳንም መጋቢት 2 ገቡ። በ2017 ረመዳን 10 ቀን ቀድሞ የካቲት 22፣ ዐቢይ ጾም 15 ቀን ቀድሞ የካቲት 17 ገባ። የሂጅራ አቆጣጠር ወር ስለማይጨምር ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል፤ ባሕረ ሐሳብ ወር እየጨመረ ፋሲካን በፀደይ ላይ ያቆያል። ሁለት ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የየቤታቸውን ጾም አምጥተው ሲያነጻጽሩ፣ ለአንድ ለውጥ ሁለት የተለያየ መልስ መስጠት እንደሚቻል ያያሉ።

ይህን ዕውቀት ዓለም አያውቀውም ማለት አይደለም። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 በኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ስሌቱን ለአማርኛ አንባቢ «ባሕረ ሐሳብ» በሚለው መጽሐፋቸው አቅርበዋል። በዩኒቨርሲቲ የሚጠና ነገር በሚኖርበት አገር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አለመግባቱ ያንገበግበኛል።

የአብነቱን ትምህርት እንዳለ እንቅዳ አልልም። ባሕረ ሐሳብ በአብነቱ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፤ ለጥቂቶች ነው፤ ለወንዶች ነው ማለትም ይቻላል። በቃል መያዝ ላይ ያለው ጥንካሬ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ቦታ አይተውም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሴቷንም ወንዱንም በአንድ ክፍል ሰብስቧል፤ ይህ ታላቅ ዕድል ነው። የጎደለው ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ወደ ሰሌዳው ማምጣቱ ነው። የሞዛምቢኩ የሒሳብ ምሁር ፓውሉስ ጌርዴስ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ለዚህ ነበር፤ ከአገሩ የቅርጫት ሥራና በአንጎላ በአሸዋ ላይ ከሚሣሉ ሥዕሎች ሒሳብ እያወጣ መምህራንን አሠለጠነ። የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ አልጀብራን ከመዋዕለ ሕፃናት ይጀምራል፤ ጥለትን ማስተዋልና ለውጥን መግለጽ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ይካተት ይላል።

ወደ ሜዳ እንውጣ። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከል። በየወሩ፣ ጥላው ከሁሉ በሚያጥርበት ሰዓት፣ በጋይንት ከስድስት ሰዓት ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ልጆች ይለኩት። ታኅሣሥ 12 ገደማ ጥላው ወደ ሰሜን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥር 13 ላይ 62፣ የካቲት 13 ላይ 42፣ መጋቢት 12 ላይ 21፤ ሚያዝያ 13 ገደማ ዱላው ጥላ የሌለው እስኪመስል ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። የቀነሰውን ይቁጠሩት፤ 8፣ 20፣ 21፣ 21። ለውጡ እኩል አይደለም፤ ፀሐይ በምትመለስበት አካባቢ ቀስ ይላል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል።

ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆን አሮጌ ሠንጠረዥም አለን። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ቀንና ሌሊትን በ18 ክፍል ይከፍላል፤ ቀኑ 9፣ 10፣ 11፣ 12 እያለ በየወሩ አንድ ክፍል ይረዝምና ተመልሶ እስከ 6 ያጥራል፤ የቀንና የሌሊት ድምር ምንጊዜም 18 ነው። ለውጡ እኩል፣ ለማስላት የቀለለ ነው። በጋይንት ሰማይ ሥር ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው። ልጆች ሠንጠረዡን ከራሳቸው ልኬት ጋር ሲያስተያዩ፣ የተጻፈ ቀመር ከተለካ ነገር ጋር የሚስማማበትንና የሚለያይበትን መለየት ይጀምራሉ።

ሕግ የማይያዝለት ለውጥም አለ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በምግብ ዋስትናው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ሲታቀፉ ከኖሩት ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ቶሎ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬው ልጅ ከእኔ በላይ ያውቃል። ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጦ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ውኃውን በማስመሪያ መለካት ለሦስተኛ ክፍል የሚከብድ አይደለም። የሐምሌን ሠላሳ ቀን ልኬት በሰሌዳ ላይ ቢያሰፍሩት አንዳንዱ ቀን ባዶ፣ አንዳንዱ ቀን ብዙ ውኃ የያዘ ይሆናል። አማካዩን ካወጡ በኋላ «አማካዩን ያህል የዘነበው በስንት ቀን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ምናልባት አንድም ቀን ላያገኙ ይችላሉ። የገበሬው ጭንቀት ያለው በአማካዩና በእያንዳንዱ ቀን መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነው። አበቅቴ ለሺህ ዓመት ቀድሞ ይሰላል፤ የነገው ዝናብ ግን አይሰላም፤ ይመዘገባል፣ ይገመታል። የሒሳብ ትምህርት ሁለቱንም አብሮ ካላሳየ ልጁ ለኑሮው የሚሆነውን ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ከክፍል ርቀዋል። መጽሐፍ ያልደረሰበት፣ ጣሪያው የፈረሰበት ትምህርት ቤት አለ። ባቄላ፣ ዱላና ጣሳ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ክፍል በሌለበት ዛፍ ሥር፣ ትምህርት ቤት በሌለበት ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ወላጅም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርም ሊያሠራቸው ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የክልሉ ትምህርት ቢሮና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ባለሙያዎች ከአብነት መምህራን ጋር አብረው ተቀምጠው አቡጊዳንና አበቅቴን በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ያስገቡ፤ ከእያንዳንዱ መልመጃ ጎን «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይጻፍ። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያላችሁ መምህራን ደግሞ መምሪያው እስኪደርስ አትጠብቁ። በመጪው መስከረም አንድ ሜትር ዱላ ትከሉ፤ የመጀመሪያውን ልኬት መስከረም 12 ቀን ልጆቹ ራሳቸው ይውሰዱ። ጥላው ወደ ሰሜን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።